የጢሞ መብራት

ለውዷ እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸፍኚዋለሽ? እማዬስ ጉልበቷ? እኔ ከናፍቆትና ከንዴት በቀር ምንም አይለኝም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደብተር ወርውራ የወጣችውን እህትሽን እዚህ እስካሁን አላባረሯትም።

«ሥራሽ ምን እንደሆነ አልገባኝም» ብለሽ ነበር። ክሪል የሚባሉ፣ ከጣት የማይበልጡ የባሕር ፍጥረቶችን ጨለማ ክፍል ውስጥ እናኖራለን። ብርሃን ሳያዩ ቀንና ሌሊቱን ያውቁ እንደሆነ ነው ነገሩ። በየስድስት ሰዓቱ ጥቂቶቹን አውጥተን ወዲያው እናቀዘቅዛለን። ከዚያ ማሽኑ ዘረመላቸው በዚያ ሰዓት ምን መልእክት ሲልክ እንደነበር ያነባል።

አሁን ግን ጉድ መጣ። የቀትሩ መልእክት ንጋት ላይ ተገኘ! አለቃችን ዶክተሯ «ከንጋት በፊት አንድ ሰው መብራት አብርቷል» አለች። እኔ ወዲያው የማታ ተረኛውን ጢሞን ጠረጠርኩ። ስገባ ስልኩን ቶሎ ኪሱ ይከታል፤ ለምን? ባለፈው ደግሞ «ዓሣዎችሽ ሰላም ብለውሻል» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ያስቀዋል? ደሜ ፈላና በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ነህ ያበራኸው!» ብዬ ጮህኩበት። «እንኳን መብራት፣ ክብሪት አልጫርኩም፣ አንቺ ልጅ!» አለ። ማን ያምነዋል? ዛሬ ከምሳ በኋላ ሊያሰናብቱት ነው።

«አንቺስ የት ነበርሽ?» እንዳትይኝ። የእኔ ተራ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ቀን ስድስት ሰዓት ነው። አወጣለሁ፣ ሰዓቱን ብልቃጡ ላይ እጽፋለሁ፣

ቆይ እታለም።

መጣሁ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ብልቃጦቹን አየሁ። እዚህ ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። የኛ ጠዋት አሥራ ሁለት ለእነሱ ስድስት፣ የኛ ቀን ስድስት ለእነሱ አሥራ ሁለት። እኔ የጻፍኩት በኛ ነው! በገዛ እጄ ንጋቱን ቀትር፣ ቀትሩን ንጋት አድርጌዋለሁ። ክሪሎቹ አልተሳሳቱም። ጢሞም መብራት አላበራም።

ወዲያው ሄጄ ለዶክተሯ ነገርኳት። «ስንብቱ ቀርቷል» ብላ ጢሞን አስጠራችው። ስድቡን ስጠብቅ እሱ የግድግዳውን ሰዓት እያሳየ «ስንት ነው?» አለኝ። «በማን?» አልኩት። ዶክተሯ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሳርም እሱ ከኋላዬ ቆሞ እጄን ያያል። አሁን ጠርጣሪው እሱ ሆነ። ይህን የምጨርሰው ለምሳ ስለወጣልኝ ነው። ይቅርታዬን ገና አላወጣሁትም፤ ሲመለስ እተፋዋለሁ። ስልኩን ለምን እንደሚደብቅ ግን አሁንም አልገባኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአባባ ጩኸቴን ዝለይና ሌላውን አንብቢለት። ድንቡሼን ጉንጩን ንከሽልኝ፤ ሰዓት መቁጠር ከጀመረ በሁለቱም አስተምሪው።

ቁጡዋ እህትሽ
ከማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ማክሰኞ ግንቦት 9፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ በኛ