ከንፈሬ ስለ መንቀሳቀሱ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የፈተና ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱልን? የሁላችንን ከንፈር ሲጠብቅ የሚውል ዓይን ድካም ይበዛበታልና፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለዓይንዎ ጤና እመኛለሁ።

እኔ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ የምተኩስ የርቀት ተማሪዎ ነኝ። ባለፈው በካሜራ በሚጠበቀው የኢንተርኔት ፈተና ከንፈሬ ስለ ተንቀሳቀሰ «ከሌላ ሰው ጋር ስትነጋገር ታይታለች» ተብሎ ውጤቴ ስለ ተሰረዘ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ፊደል የቆጠርኩት ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ፣ ያለ አስተማሪ ስለሆነ፣ ቃሉን በከንፈሬ ካላልኩት እስካሁን አይገባኝም። ድምፅ ግን አይወጣኝም። የዚያን ዕለት አብራኝ የምትኖረውን እህቴን ጎረቤት አስቀምጬ፣ በሩን ቆልፌ፣ ግድግዳ ፊት ለፊት ብቻዬን ነበርኩ። ካሜራዎ የሚያጫውተኝ ሰው ስላገኘልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የክፍል ጓደኞቼ በስልክ ቡድናቸው መልስ እየተቀባበሉ፣ አፋቸውን ገጥመው፣ በሚያስቀና ጸጥታ ኮርጀው አልፈዋል። አያፍሩበትም፤ መተጋገዝ ነው ይላሉ። ክፉዎችም አይደሉም፣ ለእኔ ከልባቸው አዝነዋል። አንዷማ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ የተያዙት ስላነበቡ ነው። እኛ ምን እናነባለን? ‹ሀ› ሲሉን ‹ሀ›ን እንነካለን።» ይህን ብላ ሳልጠይቃት ቡድኑ ውስጥ አስገባችኝ።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ መጥቼ ፊትዎ ልፈተን ብዬ ብለምን፣ ጸሐፊዎ ደንቡ እንደማይፈቅድ፣ የቅዳሜው ድጋሚ ፈተናም በዚያው ካሜራ እንደሚሰጥ፣ ከንፈሬ ዳግመኛ ከተንቀሳቀሰ ግን ከትምህርቱ እንደምሰናበት በትሕትና አስረድታኛለች። አፌን ልሸፍን ብላት ፊት መሸፈንም ክልክል ነው አለችኝ። እንግዲህ አንሶላ እየተኮስኩ አፌን ገጥሜ ማንበብ እለማመዳለሁ። ፊደሉ ዓይኔ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አልዘልቅ ብሎኛል።

አንብቤ ከመባረርና ሳላነብ ከማለፍ አንዱን እንድመርጥ ስለፈቀዱልኝ፣ ለሰፊው ልብዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በተቆለፈ በር ውስጥ ሆና፣ ከንፈሯን ገጥማ እጅ የምትነሣዎ፣
አንሶላ ተኳሿ ተማሪዎ

ሳልረሳው፦ ቅዳሜ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካዩ፣ እያነበብኩ ነውና አይስጉ። ጸጥ ብዬ ሙሉ ውጤት ካመጣሁ ግን፣ ያን ጊዜ ይጠርጥሩኝ።