ድሬን የማታውቀው ኤሊ

አዋሽ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ሙቀቱ ገና አልበረደም። ጠዋት የቢሯችንን ኮምፒዩተር ለሰፈሩ ልጆች ከፈትኩላቸው። አለቃዬ ጓድ ሣህሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቅዶልኛል... "እንዳይሰበር ብቻ!" እያለ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ኤሊ አለች። "ወደፊት"፣ "ቀኝ ዙሪ" ሲሏት መስመር እየሳለች ትሄዳለች። ትእዛዙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። አሁንስ ይገባቸዋል አልኩ። የታለ! አራት ማዕዘን ሳሉ ብላቸው የፍየል ቀንድ ሳሉልኝ።

ሀምዳ ኤሊዋ ወደ ላይ ስትሄድ ደህና ናት። ወደ ታች ስትወርድ ግን ቀኝና ግራ ይምታታባታል። "የአምስተኛ ክፍል ልጅ ቀኝሽን አታውቂም?" አልኳት። ልጆቹ ሳቁባት። ተነስታ ወጣች። ምን አናገረኝ?

ሰኞ ጥቅምት 14

ቁርስ እንደ ወትሮው መዲና ሻይ ቤት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። መዲና የሀምዳ እናት ናት። ልጅቱ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

"ጋሽ እሸቴ፣ ልጅቱ አልገባኝም ትላለች። ቅዳሜ ባቡር ሲገባ ደግሞ ሰው ያጥረኛል። ከእንግዲህ አልልካትም፤ አይቀየሙኝ።"

"አንድ ቅዳሜ ብቻ ይታገሱኝ።"

"እሺ፣ አንድ። ከዚያ በኋላ ወላሂ አልሰማም።"

ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ጎበዝ ልጅ እኮ ናት... ምኑ ነው ያልገባት?

ረቡዕ ጥቅምት 16

የቢሮ ባልደረባዬ ውባየሁ ታሟል። ልጠይቀው ብዬ ቤቱ የት እንደሆነ መዲናን ጠየቅኳት። "ወደ ድሬ ይሂዱና ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ወንዝ ይታጠፉ።"

ቆሜ ቀረሁ። እዚህ ከተማ ማን ቀኝ፣ ግራ ብሎ መንገድ አሳይቶኝ ያውቃል? ወደ ድሬ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወንዝ... ሐዲድ ዳር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይበል!

ሀምዳን ጠራኋት። "ኤሊዋ ቀኝ ዙሪ ስትባል ወዴት ነው የምትዞረው?"

"ወደ ድሬ ነዋ።"

ለካ! ኮምፒዩተሩ ፊት ስንቀመጥ ድሬ በቀኛችን በኩል ነው። ለሀምዳ ኤሊዋ ወደ ላይ ሄደች ወደ ታች፣ ቀኝ ማለት ድሬ ነው። ያልገባኝስ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጥቅምት 19

ሀምዳ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። ኮምፒዩተሩን ሳልከፍት ሁሉንም ግቢ አወጣኋቸው።

"ዛሬ ኤሊዋ አንቺ ነሽ" አልኳት። ቀኝ እጇ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት። እጇን ዘረጋች፤ ወደ ድሬ። "አሁን ወደ ኋላሽ ዙሪ።" ዞረች። እጇን አየች... ሐዲዱን አየች...

"ጋሼ! ቀኜ ወደ አዲስ አበባ ሄደ!"

"ድሬስ?"

"ድሬማ የት ትሄዳለች? ቀኜ ነው ከኔ ጋር የሚዞረው።"

ገብተን አራት ማዕዘኑን ሳለችው። እንባዬ መጣ፤ ከራሴ ምን እደብቃለሁ።

ቅዳሜ ጥቅምት 26

መዲና ሽርጧን እንደታጠቀች ከተፍ አለች። ሀምዳን ልትወስድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ስክሪኑን ትክ ብላ አየች።

"አሁን ወደ ድሬ ልታዞሪያት ነው?"

"እማ፣ ይቺ ድሬን አታውቃትም። ነይ፣ ኤሊዋን አንቺ ሁኚ።" ክሩን ከእጇ ፈትታ ለእናቷ አሰረችላት።

መዲና እየሳቀች ዞረች። ደግማ ዞረች። የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ... ተሳፋሪው ሻይ ሊፈልግ ነው። ልትሄድ ነው ብዬ በሩን አየሁ።

"ተሳፋሪዎቹ ይጠብቁኛ!" አለች፣ እጇን እያየች። "ቆይ ሀምዳ፣ ወደ ታች ስወርድስ ቀኜ የት ይሆናል?"