የወንዙ ሞግዚት

ሐሙስ፣ ጥር ዘጠኝ ቀን። ሰማዩ ደመና ለብሷል፤ ዝናብ ግን የለም። የተገኘ ሰው፦ እኔ ብቻ። የችሎቱ ጸሐፊ እንዲህ እያለ ስለሚጀምር ለምጄው ነው፤ አትሳቅብኝ።

ለምወድህ የእናቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደረትህስ ለቀቅ አደረገህ? እኔ ከጉልበቴና ከሐሳቤ በቀር የሚያመኝ የለም። ነገሩን በቃል ባነሳሁ ቁጥር አንተ ፊትህን ታዞራለህ፣ እኔም ድምፄ ከፍ ይላል። ወረቀት አይጮኽምና ጻፍኩልህ። ፊደል ከሳሙና መጠቅለያ ላይ የለቀመ እጅ ነው፤ ታገሠው።

ወንዝ እንደ ሰው መብት አለው፣ መክሰስም ይችላል የሚለው ሕግ የወጣ ጊዜ አብረን ስቀናል። "እንግዲህ ሲያጥለቀልቀን እኛም እንከሰዋለን" ያልከው አንተ ነህ። በኋላ፣ አፍ ስለሌለው ሞግዚት ይቁምለት ተባለ፤ የሰፈሩ ሰውም ዕድሜዋን ሙሉ ዳሩ ላይ ልብስ ስታጥብ የኖረች እያለች ማን ይሁን ብሎ እኔን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ስፌተኛዋ ባየችኝ ቁጥር "ልጅሽ እንዴት አደረ?" ትለኛለች። "ትኩሳቱ አልበረደለትም" እላታለሁ። እውነትም አልበረደለትም። ውሃው ዛሬም የዝገት መልክ አለው፤ የነከርኩት አንሶላ ነጭ ሆኖ አይወጣም፤ የዳሩ ሣር አሯል፤ የእንቁራሪት ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ።

ፋብሪካው ፍሳሹን ደፍቶ ውሃውን በክሏል ብዬ በወንዙ ስም የከሰስኩ ጊዜ፣ ዳኛዋ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚህ በፊት ሞግዚት ሆኜ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እናታችን ስትሞት አንድ ወንድሜን አሳድጌአለሁ አልኳቸው። የፋብሪካው የቦቴ ሹፌር እሱ መሆኑንም አልሸሸግሁም። ይቃወመኛል ብዬ የጠበቅሁት የፋብሪካው ጠበቃ ግን ተቃውሞ የለኝም ብሎ ፈገግ አለ። እህት በወንድሟ አትጨክንም ብሎ ነው።

ትናንት ደግሞ ይኸው ጠበቃ ምን አለ መሰለህ? ሹፌሩ ፍሳሹን ማጣሪያው ጋ እንዲያራግፍ ታዞ ሳለ፣ መንገድ ለማሳጠር ሲል በገዛ ፈቃዱ ወንዙ ላይ ደፋው፤ የጠፋውም ለዚሁ ነው አለ። የፈረቃ አለቃህ አጠገቡ ተቀምጦ እውነት ነው ይላል። እዚያው ወንዙ ዳር ክፈተው ያለህ እሱ አይደለም? ማጣሪያው ከተበላሸ መቆየቱን የነገርከኝን ልናገር ከጀለኝ፤ ግን ከሰው የሰማሁት ነው፣ አይያዝልኝም። ያየኸውም የታዘዝከውም አንተ ነህ። ዝም ካልክ እነሱ በነጻ ቤታቸው ይገባሉ፣ ሌላ ሹፌር ይቀጥራሉ፤ ጥፋቱ ባንተ ላይ ይቀራል።

አያስሩህም ብዬ አላታልልህም። ዳኛዋ ያዘዘና የታዘዘ እኩል አይደሉም ብለዋል፤ ከዚያ በላይ አላሉም። ነገ ጠዋት ግን ወንድምሽ የት ነው ብለው በመሐላ ይጠይቁኛል። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ሩቅ አገር ሄደ እያልኩ ዋሽቻለሁ። ነገ ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ወንዙ ነው የምቆመው፤ መዋሸት አልችልም። ከእኔ አፍ ከሚወጣ በራስህ እግር ብትመጣ ይሻለናል።

ሕፃን ሳለህ ያጠብኩህ በዚያ ውሃ ነው። ሁለታችሁን እኩል እወዳለሁ አልልም፤ አንተ ትበልጥብኛለህ። የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

እግርህን ከእንቅፋት፣ ልብህን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ።

ታላቅ እህትህ

ዓርብ ጠዋት። ደመናው ተገፏል። የተገኙ፦ እኔና አንተ።

ማታ ስታስል ስፌተኛዋ ከግድግዳው ወዲያ "ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኩና እኔም ሳልኩላት።

ዛሬ በጊዜ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ባጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ ያጠብኩትን ነጭ ሸሚዝህን ተኩሼ በጓዳው በር እጀታ ላይ ሰቀልኩት። ሻይ በፔርሙስ አድርጌ ዳቦውን ሸፈንኩት። ውስጥ ሰው የሌለ እንዲመስል በየጠዋቱ ከውጭ የምቆልፍብህን ጓጉንቸር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ወረቀት አሁን በበርህ ሥር አሾልኬልህ ወደ ችሎቱ እሄዳለሁ።

በሩን አልቆለፍኩም።