እማዬና የምድጃው ቀዳዳ

ይድረስ ናፍቆትህ ላላስቻለኝ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከእማዬ ግትርነትና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን።

የእንጨቱ ጭስ ደረቷን እንዳይጎዳት ብለህ የላክህላት ክፍል የሚያሞቅ የጋዝ ምድጃ አንጀቴን አሳረረው። የምድጃ ሠራተኛ መጥቶ አሮጌውን የእንጨት ምድጃ አፍርሶ፣ ቱቦውን ዘርግቶ፣ ግድግዳውን ለአየር መግቢያ በስቶ ገጠመው። እሳቱ ቦግ ሲል እማዬ መርቃህ አልጠግብ አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ትንሽ ይነድና ድርግም ይላል። ማቀጣጠያውን ስጫን አውራ ጣቴ ተላጠ።

ሠራተኛውን እየጠራሁ አሰለቸሁት። ሲሊንደሩን ቀየረ፣ ቱቦው ጋዝ ያፈስ እንደሆን በሳሙና አረፋ ፈተሸ። እሱ እያለ ደህና ይነዳል፤ እግሩ ሲወጣ ይጠፋል። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት።

ትናንት ሠራተኛው እማዬ የምትቀመጥበትን ሶፋ ካልሳብኩ አለ። ከኋላው የአየር መግቢያው በምን ተደፍኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ትተኸው በሄድከው ሰማያዊ ጃኬት፣ እጅጌው ሳይቀር ተጠቅጥቆ! እማዬ እቴ፣ መች አፈረች! ግድግዳ በስቶ ንፋስ ሲያስመታኝ ዝም ልበል ወይ አለች። ለካ እሱ ሲመጣ የሚነደው በሩን ከፍቶ ስለሚሠራ ነው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምድጃው አየር ሲያጥረው በራሱ እንዲጠፋ ነው የተሠራው። ባይጠፋ ኖሮ እናትሽ ታፍና ከዚህ ሶፋ አትነሳም ነበር» አለኝ። የዕቃ ቦርሳውን እስከ ደጅ ተሸከምኩለት።

ጃኬቱን አጥቤ አለበስኳት። ዛሬ ጠዋት ምድጃው እንደገና ድርግም። ሶፋውን ስስበው፣ አሁን ደግሞ የእኔ ሹራብ! ስቆጣት፣ ወንድምሽ ቢኖር ብርድ ላይ አያስቀምጠኝም ነበር አለችኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ከእሷ ጋር ውዬ የማድረው እኔ፣ የምትሰማው አንተን።

በስልክ ብትነግራት እሺ ብላ ትረሳዋለች። ስለዚህ «እማዬ፣ ይህን አትድፈኚ» ብለህ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ ከቀዳዳው በላይ እለጥፈዋለሁ። የአንተን ጽሑፍ እያየች እጇ አይደፍርም። እስኪደርስ በሩን ከፍቼ እየተንቀጠቀጥኩ እጠብቃታለሁ።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትልቋ ልጅህ በርትታ ትማር፤ ትንሹን ጉንጩን ንከስልኝ። እማዬም ትስምሃለች። ብርድ እንዳይመታህ የቤትህን ቀዳዳ ሁሉ ድፈን ብላሃለች። አደራ፣ እንዳትሰማት።

እህትህ
ከእማዬ ክፍል፣ በሩ ሥር
እሁድ ከሰዓት