የሮቤን የለቅሶ አዳራሽ የሠሩት የአርክቴክት ፍቅረሥላሴ ብዙነህ የሕይወት ታሪክ

አርክቴክት ፍቅረሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ብዙነህ ዘለቀና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተኢየሱስ አየለ በ1962 ዓ.ም. ጎባ ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ጥይት ተተኩሶ ዲንሾ ድረስ ተሰማ። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ሲወለድ ግን አልተተኮሰም፤ ጥይት አልቆ ነው ይባላል።

ትምህርታቸውን በጎባና በአዲስ አበባ ተከታትለው በ1989 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተጓዙ። በዚያም የዘመኑ አርክቴክቶች ለቀብርና ለመታሰቢያ የሚሠሯቸውን ቤቶች አጠኑ፦ ጌጥ የሌለው ኮንክሪት፣ ጸጥ ያለ ውሃ፣ በስንጥቅ የሚገባ ብርሃን። ሲመለሱ ቶኪዮ በሙሉ አልቅሶ ሸኛቸው። ወንድማቸው በበኩሉ ሮቤ ላይ፣ ከአዋሽ ወዲህ አቻ የሌለው ባለ ሰማያዊ መስታወት ፎቅ ገንብቷል፤ አባታቸው ግን ለእንግዳ የሚያሳዩት ፍቅረሥላሴ ከጃፓን የላኩትን ፎቶግራፍ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማናልበሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዮዲንና ሀይሚን ወልደዋል።

በ2014 ዓ.ም. ለእድራችን የለቅሶ አዳራሽ ሠሩ። መስኮቱ ከወለሉ ተነሥቶ ወገብ ላይ ያበቃል። የእድሩ ዳኛ አቶ ጉዲሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩትና፣ «ኧረ ፍቅሬ፣ ይኼ ለሰው ነው ለዶሮ?» አሉ። እድሩም ድንኳኑን ደጁ ላይ መትከሉን ቀጠለ፤ አዳራሹ የድስት ማስቀመጫ ሆነ። ወንድማቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ዓመት ተስማምቶት ነበር።

ኩላሊታቸውን ሲታመሙ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ከዚያ አዳራሽ እንዲሸኙ። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ወንድማቸው ግማሽ ሮቤን የሚያስጠልል ድንኳን አስመጥቶ ነበር። ወ/ሮ ማናልበሽ ግን፣ «ልመናው አንዲት ናት፤ ድንኳንህን ጠቅልል፣ ወንድም ዓለም» አሉት።

ትናንት በወጋችን መሠረት ኀዘንተኞች ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተን ተቀመጥን። መስኮቱ ከዓይናችን ትይዩ ሆነ፤ ከውጭ በሠሩት የውሃ ገንዳ ላይ የባሌ ሰማይ ወርዶ ተኝቷል። ለካ እስከ ዛሬ የፈረድነው ቆመንና ወንበር ላይ ሆነን ነው! አቶ ጉዲሳ ከወንበራቸው ወርደው አጠገባችን ተቀመጡ። ጎረቤታችን ሐጂ ከሊል «ማሻአላህ» አሉ። እድሩም ከእንግዲህ ሁሉንም ከዚያው ሊሸኝ ወሰነ። በዓለም ላይ ወንድማቸው ያላሰበው ሐሳብ ይህ አንዱ ብቻ ነበር፤ በእሱም ቀደሙት።

አርክቴክት ፍቅረሥላሴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ። በሰማይም የሚሠራ ቤት ካለ፣ ብቻቸውን አይጨርሱት፤ ለታናሽ ወንድማቸው አንድ ግድግዳ ይተዉለት።