በስሜ የተከፈተው ምድብ

ውድ እቴቴ፣

ደብዳቤ ለሞተ ሰው እንደማይደርስ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ይህን ግን የምጽፍልሽ እዚያው በሊፍት ጥገና መመሪያው ድረ ገጽ ውስጥ፣ ገና ለሰው ባልወጣ ገጽ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ብጽፈው የምታነቢው አይመስለኝም።

ወንበርሽ ላይ ካስቀመጡኝ ወዲህ መጀመሪያ የታዘዝኩት ያንቺን መግቢያ ገጾች ማንሳት ነበር። በግራ በኩል ከተደረደሩት ምድቦች አንዱን የተጫነ መካኒክ፣ ደረቅ ዝርዝር ብቻ እንዲጠብቀው አትፈልጊም ነበር። "ምድብ የሚጫን ሰው እኮ የሚሄድበት ጠፍቶት ነው፤ ሰላም በዪው እንጂ" እያልሽ ለእያንዳንዱ መግቢያ ትጽፊለት ነበር። "ሰላም፣ በሩ አስቸገረህ አይደል?" ብሎ የሚጀምር የጥገና መመሪያ ያንቺ ብቻ ነው። አለቃችን ግን "ማን ያነበዋል? ሲስተሙ ራሱ ይዘርዝር" አለኝ። እኔም ከየምድቡ ቅንብር ፋይል ላይ ያንቺን ገጽ የሚጠራውን መስመር አጥፍቼ፣ ዝርዝሩ ከፋይሎቹ በራሱ እንዲወጣ አደረግኩ። ሁለተኛ የቀበርኩሽ ያህል ተሰማኝ።

በማግስቱ "በሮች" የሚለውን ምድብ ስከፍት፣ ከማውቃቸው ገጾች ስር ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ አንድ የማላውቀው ካርድ ነበር። ርዕሱ "በሩ ተከፍቶ ውስጡ ማንም ከሌለ" ይላል። ከስሩ በትናንሽ ፊደል፦ "አትደንግጡ። ግን አትግቡ።" ስጫነው ገጹ አልተገኘም አለኝ። ፕሮግራመራችንን ጠራሁት። ያ የማያፌዝበት ነገር የሌለው ሰውዬ ፎልደሩን ከላይ እስከ ታች አይቶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"ፋይል ከሌለ ካርድ አይወጣም" አለኝ በመጨረሻ። "ምን ነክተሽ ነው?"

ምንም አልነካሁም። ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛዬ በኩል አያልፍም።

ቀጥሎ የመጣሽው "ድንገተኛ አደጋ" ውስጥ ነው። "እማዬ ጋዙን ሳትዘጋ ተኝታለች" የሚል ካርድ፤ ከስሩ "ሩጪ። ስትገቢ መብራት እንዳታበሪ።" ጫማዬ ከእግሬ እስኪወልቅ ሮጥኩ። ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኗል፤ እማዬ ሶፋው ላይ ተኝታለች። መስኮቱን ከፋፍቼ፣ ደጅ አውጥቼ ካስቀመጥኳት በኋላ ነገሩን ነገርኳት። እሷ እቴ፣ ምንም አልመሰላት።

"ያ እስከ መጨረሻዋ ያልለቀቃት ሳል ተዋት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ እማዬ?"

"ብቻዋን መሆን አይሆንላትም እኮ" አለች መሬት መሬቱን እያየች። "ከልጅነቷም ሰው ከጎኗ ከሌለ እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ዛሬ ከምሳ ስመለስ ከሁሉም ምድቦች ስር አዲስ ምድብ አየሁ። "ሚጣ" ይላል። ቢሮ ውስጥ በዚህ ስም የሚያውቀኝ የለም፤ አንቺ ነሽ ያወጣሽልኝ። ተጫንኩት። "በዚህ ምድብ እስካሁን ምንም ገጽ የለም" አለኝ። አለቃው በትከሻዬ በኩል አይቶ "ባዶ ምድብ ምን ያደርግልናል? አንሺው" ብሎ አለፈ። ቅንብሩን ብገለባብጠው የለም። ከየት ላንሳው?

እቴቴ፣ ፈርቻለሁ። ናፍቀሽኛል፤ ቡና መጠጫሽን እንኳን ሳላጥበው አስቀምጬዋለሁ። ግን መገናኘታችን እንዲህ አይሁን። መግቢያ ገጾችሽን ነገ እመልሳቸዋለሁ፤ አለቃው ካበደ ይበድ። ብቻ ያንን ምድብ ባዶውን ተዪው። እኔ ብመጣ እማዬ ብቻዋን ልትቀር ነው። እሷን ትቼ የትም አልሄድም።

ታናሽሽ

ይህን ጽፌ አስቀመጥኩና ድረ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። "ሚጣ" የሚለው ጠፍቷል። በቦታው "እማዬ" ይላል።

እቴቴ፣ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም። ስልኳን አታነሳም። እባክሽ፣ የእኔን መልሺው።