ስለ ኔትወርክ ባለሙያችን ሕልፈትና ስለከለከልናቸው ፈቃድ

ለሆስፒታላችን ሠራተኞች፣ ለታካሚዎችና ለወዳጆቻቸው በሙሉ

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በሥራ ገበታቸው እንዳሉ በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍላችን ሐዘኑን የሚመጥን ቃል ፈልጎ አጥቷል። ብዙዎቻችሁ በመዝገብ ስማቸው አታውቋቸውም፤ ጋሽ ቀስበል ሲባሉ ግን የማያውቃቸው የለም።

ባልደረባችን ሆስፒታሉን አሥራ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ሲቀጠሩ የላቦራቶሪ ውጤት የሚላከው በወረቀት፣ በሰው እጅ ነበር። በሁለተኛው ዓመታቸው በየፎቁ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙትን የኔትወርክ ስዊቾች እየደራረቡና በኬብል እያያያዙ አሥራ ሁለት ቁልሎች አቆሙ። በአንድ ቁልል ያሉት ስዊቾች እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ አለቃ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። ለዚህም የሁሉም ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌራቸው፣ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

በአምስተኛው ዓመታቸው የፈርምዌር እድሳት አሠራር ዘረጉ። በእድሳት ጊዜ ቁልሉ ጠፍቶ እስኪነሳ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህን በስልክ ወይም በማስታወቂያ መናገር አይሆንላቸውም ነበር። እሑድ ጠዋት ክፍል ለክፍል ዞረው ለተረኛ ነርሶች ይናገራሉ፣ ያስፈርማሉ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ባዶ መሆኑን በዓይናቸው ካላዩ ምንም አይነኩም። ሰርግ ጠሪ መሰሉ እያልን ቀልደንባቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በእድሳት ምክንያት የጠፋ የአንድም ታካሚ ውጤት የለም።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደናል፤ ካልጻፍነው ግን ይህ ወረቀት ውሸት ይሆናል።

ከስምንት ወር በፊት ልባቸውን ያማቸው ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የራሳችን የልብ ክሊኒክ ቀጠሮ ሰጣቸውና የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰዱ። እኛም በዚያው ቀን በድንገተኛ ክፍል ቁልል ላይ አንድ አዲስ ስዊች መጨመር አማረን። እሳቸው አዲስ ስዊች ሲመጣ ለብቻው አስነስተው፣ ፈርምዌሩን ከሌሎቹ ጋር አስተካክለው፣ መልሰው አጥፍተው ነበር የሚሰኩት። እኛ እንደበራ ሰካነው። ምንም ያልተጻፈበት ስዊች አለቃ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ነባሮቹም የእሱን ባዶ ትእዛዝ ተቀበሉ። ድንገተኛ ክፍሉ ከላቦራቶሪም ከፋርማሲም ተቆረጠ። ባልደረባችን ካርዳቸውን እንደያዙ ከወረፋው ተነስተው ወረዱ። «ምን አስቸኮላችሁ? ነገ እመጣ አልነበረም እንዴ?» አሉን። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲሠሩ ቆይተው መስመሩን መለሱት፤ ቀጠሯቸው አለፈ።

ከዚያ የተማርነው ነገር ቢኖር እሳቸውን አለመልቀቅ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም መዝገባቸውን አይተው ሁለት ቀን ተኝተው እንዲመረመሩ አዘዙ። ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜ «የአሥራ ሁለቱም ቁልሎች እድሳት ሲጠናቀቅ የሚታይ ይሆናል» ብለን በደብዳቤ መለስን። ምትክ የሚሆን ሰው ላሠልጥን ብለው ያቀረቡትንም ጥያቄ በይደር አቆየነው። በእነዚሁ ወራት የልብ ክሊኒኩ መስመር አራት ጊዜ ተበላሽቶ አራት ጊዜም ወጥተው ጠግነዋል። እንደ ታካሚ ግን ከዚያ የወረፋ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልተቀመጡበትም።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ቁልል ላይ ለእሑዱ እድሳት ፋይል እየገለበጡ ሳለ፣ ምድር ቤት ባለው የስዊች ክፍል፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ከስምንቱ ስዊቾች አምስቱ አዲሱን ፈርምዌር ተቀብለዋል፤ ሦስቱ አልተቀበሉም። አሁን መብራት ቢጠፋ ቁልሉ እንዴት ሆኖ እንደሚነሳ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። በሩን ቆልፈን እንዲሁ ቆመናል።

ለወላጅ እናታቸው፣ ለሁለቱ ልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ባለቤታቸውን ግን ከማጽናናታችን በፊት ይቅርታ ልንጠይቃቸው ይገባል። በየስዊች ሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር የባልደረባችን የግል ስልክ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከሆስፒታላችን አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሎበታል። የሚያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። «እሱማ አርፏል፤ ግድ የለም፣ ንገሩኝ ልጻፈው» እያሉ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሁን ብርቱካናማ እየጠየቁ ሁሉንም መዝግበዋል። ዝርዝሩን ትናንት በወንድማቸው እጅ ልከውልናል። አንድም የጎደለው ነገር የለም። የምንሰጠው ሰው ግን የለንም።

እባካችሁ፣ በዚያ ቁጥር ከእንግዲህ አትደውሉ።

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል